የናፖሊዮንን ዓረብኛ ያረመው ጀበርቲ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወገኖቼ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ መንገዱም የባሕር መንገድ ነው። ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እቆጥርላችኋለሁ።

በ1500ዎቹ መጀመሪያ ግድም፣ አብዱራህማን የሚባል ሰው ከዘይላ አገር፣ ከጀበርት ምድር ተነሣና በባሕር ጅዳ ወረደ። ከጅዳም መካ ገባ፣ ሐጁን አደረገ፣ ከዚያም ወደ መዲና ተሻግሮ ሁለት ዓመት ተቀመጠ፣ ከዚያም እንደገና ባሕሩን ይዞ ወደ ሰሜን አቀናና ካይሮ ደረሰ። ሰውየው ዒልም፣ ማለት እውቀት፣ ፈላጊ ነበር።

ካይሮ አል-አዝሀር አለ፤ በ970 መሠረቱ ተጥሎ በ972 የተከፈተ መስጊድ፣ ኋላም የዲንና የዓረብኛ ትልቁ ትምህርት ቤት የሆነ። በዚያ ዘመን እዚያ ሼኹ አምድ ተደግፎ ይቀመጥ፣ ተማሪው ዙሪያውን ይከበው፣ ሲነጋም ሲመሽም ኪታብ ይቀራ ነበር። ከሩቅ የመጣው ሁሉ ሪዋቅ የሚሉት የየአገሩ ማደሪያ ነበረው፤ የመግሪቡ ለብቻው፣ የሻሙ ለብቻው፣ የቱርኩ ለብቻው፣ ከኛ ወገን የሄደውም የጀበርቶች ሪዋቅ ነበረው። ዳቦውም ለበጎ ሥራ ከተሰጠ ንብረት፣ ከወቅፍ፣ ይሰፈርለት ነበር። የወሎ ደረሳ፣ የዲን ተማሪው፣ ይህን ቢሰማ ብዙ አይደነቅም፤ እሱም ሼኹን ከቦ፣ ነሕዉን፣ የዓረብኛውን ሰዋስው፣ በአጅሩሚያ መጽሐፍ ጀምሮ፣ ሺህ ስንኝ ያለውን የኢብን ማሊክን አልፊያ በቃሉ ሲይዝ ነው ያደገው።

እናም አብዱራህማን ተምሮ አስተምሮ የሪዋቁ አለቃ ሆነ፤ አለቃነቱም ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየወረደ በቤቱ ቆየ። ከዚያ ዘር ሐሰን አል-ጀበርቲ ተወለደ፤ ሒሳብና የከዋክብት ቀመር አዋቂ ነበር። አንድ ጊዜ አህመድ ፓሻ የሚባል ሒሳብ ወዳድ ገዥ ከኢስታንቡል መጣና የአዝሀርን ሊቃውንት ስለ ሒሳብ ቢጠይቃቸው፣ «ይህ የኛ ሙያ አይደለም» አሉና ወደ ሐሰን መሩት። ገዥውም ከሐሰን እግር ሥር ተቀምጦ የፀሐይ ሰዓት አሠራር ተማረ።

በ1753 ደግሞ ሐሰን ልጅ ወለደ፤ በሰባተኛ አያቱ ስም አብዱራህማን ተባለ። ወሬዬ የዚህ ልጅ ነው።

በጁላይ 1798 ናፖሊዮን ሠራዊቱን ይዞ ግብፅ ወረደና በዓረብኛ የታተመ አዋጅ በተነ፤ ግብፅን ከሚገዙት ከመምሉኮች ነፃ ላወጣችሁ መጣሁ፣ ነቢዩንም ቁርኣኑንም አከብራለሁ የሚል። አገሩ ሁሉ ተሸበረ። የሐሰን ልጅ አብዱራህማን አል-ጀበርቲ ግን አዋጁን ፊቱ ዘረጋና፣ እንደ ደረሳ ሰሌዳ ቃል በቃል እየለቀመ ያርመው ጀመር፤ እዚህ አገባቡ ፈርሷል፣ እዚህ ቃሉ ያለ ቦታው ገብቷል እያለ። ከሰዋስው ተነሥቶም ወደ ሐሳቡ ገባና፣ የሙስሊም ወዳጅ ነን ማለታቸው ውሸት ነው ብሎ ጻፈ። መድፍ ያለው ሰው ካይሮን ይዞ ሳለ፣ እሱ በነሕው ተሟገተው! ለእኔ ከጦር ሜዳ ጀግንነት አያንስም።

ከዚያም በኦክቶበር ካይሮ ዐመፀች፣ ፈረንሳዮቹም በፈረስ አል-አዝሀር ገቡ፤ ፈረሶቹን በቂብላው በኩል አሰሩ፣ የተማሪዎቹን ሣጥን ሰበሩ፣ ኪታቡን ከመሬት ጣሉ። ይህንንም እሱ ጻፈው፤ ቁጣውም ከገጹ ላይ ይታያል።

አሁን ግን ስሙኝ። ያው ሰው ፈረንሳዮቹ ካይሮ ወዳቋቋሙት የጥናት ቤት ደጋግሞ ሄደ። መጻሕፍቱን አየ፣ የተዋሐዱ ፈሳሾች ድንጋይ ሲሆኑ አየ፣ ሊቃውንታቸውም ሌት ተቀን ዓረብኛ ሲማሩ፣ የየቋንቋውን እርባታ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ይዘው ሲደክሙ አየና፣ ትጋታቸውን ሳይሰስት መሰከረላቸው። አዋጃቸውን ያረመ እጅ ነው ይህን የጻፈው፤ ጠላትን እንዲህ በሚዛን የሚያይ ጸሐፊ ደግሞ ጥቂት ነው።

አል-ጀበርቲ ከ1688 እስከ 1821 ያለውን ዘመን የሚተርከውን «አጃኢብ አል-አሣር» ጽፎ በ1825 ግድም ዐረፈ። የግብፁን ገዥ መሐመድ ዓሊን አጥብቆ የነቀፈ መጽሐፍ ነበርና ሙሉው እስከ 1880 ገደማ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ቆየ። አል-አዝሀርም ከ1961ቱ ሕግ ወዲህ ሕክምናና ምሕንድስና ጭምር የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እንግዲህ ልጁን ዓረብኛ ሊያስተምር ዩኒቨርሲቲ የሚልክ ካላችሁ፣ የአል-ጀበርቲን መጽሐፍ እንዲያነብ ንገሩት።