የፍሰት መጠን ስሌት

የፍሰት መጠን በአንድ ቱቦ በሰከንድ የሚያልፈው የፈሳሽ ይዘት ነው። ፈሳሹ የማይታመቅ፣ ፍሰቱም የማይዋዥቅ ከሆነ፣ የቱቦው የውስጥ ስፋት በአማካይ ፍጥነቱ ሲባዛ ይገኛል፤ መስመሩ መሃል ላይ ቢጠብ በዚያ ቦታ ፍጥነቱ ይጨምራል እንጂ መጠኑ አይቀየርም። ቀመሩ ቀላል ነው፤ የሚያሳስተው ልኬቱ ነው፣ እንደ ድሬዳዋ ባለ የፋብሪካ ከተማ ደግሞ ይበልጡን። የከተማዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣና ካልሲየም የበዛበት በመሆኑ በቱቦ ግድግዳ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። የውስጥ ዲያሜትሩ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ፣ ውሃው በሰከንድ 1.5 ሜትር ቢጓዝ፣ 47 ሊትር ያህል ያሳልፋል። ዙሪያውን 10 ሚሊ ሜትር ቅርፊት ከያዘው ግን በዚያው ፍጥነት 38 ሊትር ብቻ ይሆናል፤ ዲያሜትሩ በ10 በመቶ ሲቀንስ ፍሰቱ በ19 በመቶ ይወርዳል። በካታሎግ ዲያሜትር የሚያሰላ ፋብሪካ እንግዲህ ያላገኘውን ውሃ እየቆጠረ ነው።

ውሃም እኮ ይታመቃል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የ10 ባር ግፊት ይዘቱን 0.05 በመቶ እንኳ አይቀንሰውም፣ ከቅርፊቱ ጋር የሚወዳደር ስህተት አይደለም። ፓምፕ ሲነሳና ሲቆም ፍሰቱ ይዋዥቃል የሚለው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ወይም ልኩ የታወቀ ታንከር የሚሞላበትን ጊዜ ይዞ አማካዩን ማውጣት ይሻላል። ከውጭ የሚታሰረው የአልትራሳውንድ ቆጣሪም ከዲያሜትሩ ጣጣ አያመልጥም፤ የሚለካው ፍጥነትን ነውና፣ የውስጥ ዲያሜትሩን የሚነግረው ባለሙያው ነው።