የጥርስ ኢምፕላንት፦ ብረትና ሴራሚክ ከአጥንት ጋር ያላቸው ውሕደት

የጥርስ ኢምፕላንት የወለቀ ጥርስ ሥር በነበረበት የመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከልና በላዩ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚደፋበት ብሎን መሰል ሥር ሲሆን፣ በዘመናችን በብዛት የሚሠራው ከቲታንየም ብረት፣ አልፎ አልፎም ዚርኮኒያ ከተባለው ነጭ ሴራሚክ ነው።

በአንኮበር አካባቢ በሚኖሩት ጠቢባን ዘንድ ወንዱ ብረት ሲቀጠቅጥ ሴቲቱ ሸክላ ስለምትሠራ፣ የሰሜን ሸዋ ሰው ሁለቱን የአንድ ቤት ሙያ አድርጎ ያውቃቸዋል፤ የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ዝምድናቸውን በሌላ መንገድ ያስረዳሉ፤ የዚርኮኒያ መሠረት የሆነውን ዚርኮንየምን እ.ኤ.አ. በ1789 ያገኘው ጀርመናዊው ማርቲን ክላፕሮት፣ በ1795 ለቲታንየም ስም ያወጣለትም እርሱ ነበርና።

ስዊድናዊው ሐኪም ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1950ዎቹ የደምን ዝውውር ለመመርመር በጥንቸል አጥንት ውስጥ ያኖረውን የቲታንየም መሣሪያ መልሶ ሊያወጣ ቢሞክር አጥንቱ አልለቅ ስላለው፣ ከዚህ ነገር ተነሥቶ በ1965 የመጀመሪያውን በሽተኛ በኢምፕላንት አከመ። ምሥጢሩም ያለው በብረቱ ገጽ ላይ ነው፤ ቲታንየም አየር እንደነካው ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ የሚሆን ረቂቅ የኦክሳይድ ልባስ ስለሚለብስ፣ የአጥንት ሕዋስ የሚያገኘው ይህን ልባስ እንጂ ግዙፉን ብረት አይደለም። ዚርኮኒያም ሁለንተናው ኦክሳይድ ስለ ሆነ፣ አጥንት በሁለቱም ዘንድ የሚዳስሰው ተቀራራቢ ባሕርይ ያለውን ገጽ ነው።

ሂደቱም አንድ ነው፦ አስቀድሞ ደም ይረጋል፤ ከደሙ የወጡ ፕሮቲኖች ገጹን ይለብሱታል፤ ቀጥሎም አጥንት ሠሪ ሕዋሳት መጥተው ያልበሰለ አጥንት ያበጃሉ፤ እርሱም በወራት ውስጥ እየበሰለ ይጠነክራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሮጌው አጥንት እየሟሟ አዲሱ ገና ስላልተተካ፣ ተከሉ (ኢምፕላንቱ) ከተተከለበት ዕለት ይልቅ የሚላላበት ጊዜ አለ፤ በዚያን ጊዜ ቢነቃነቅ በአጥንት ፈንታ ለስላሳ ጅማታዊ ሥጋ ይከበዋል። አጥንቱ የሚጨብጠው በሻካራው ገጽ ጥቃቅን ጎድጓዳዎች ውስጥ ገብቶ ስለ ሆነ፣ በአሸዋ ግፊትና በአሲድ የሻከረ ዚርኮኒያ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ምርምሮች እንዲሁ ከሻከረ ቲታንየም ጋር ተቀራራቢ የአጥንት ንክኪ አሳይቷል። ስለዚህ የብረትና የሴራሚክ ክርክር ስለ ውሕደት ነው መባሉ ለእኔ ከመጠን ያለፈ ይመስለኛል።

እውነተኛው ልዩነት በአካላቸው ጠባይ ነው። ዚርኮኒያ ከቲታንየም እጥፍ ያህል ግትር ሆኖ ሳይጎብጥ ይሰበራል፤ በ1970ዎቹ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ የተሠሩት ቀደምት የሴራሚክ ተከሎችም በስብራት ምክንያት ተትተዋል። ዚርኮኒያን የተሻለ ያደረገው በኢትሪየም ኦክሳይድ የጸና መሆኑ ነው፤ ስንጥቅ ሲጀምር በአጠገቡ ያሉት ቅንጣቶች መልካቸውን ለውጠው 4 በመቶ ያህል ስለሚያብጡ ስንጥቁን ይጨቁኑታል፤ ሆኖም ይኸው ለውጥ በእርጥበት ቀስ በቀስ ሊያስረጀው ይችላል። በበኩሉ ነጭነቱ ከስስ ድድ በታች ጥቁረት አያሳይም።

ቲታንየሙ ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል ስለ ሆነ ከድድ በታች ተሰፍቶ ማረፍ ይችላል፤ ብዙው የሴራሚክ ተከል ግን አንድ ወጥ በመሆኑ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ከድድ በላይ ብቅ ብሎ ለምላስና ለማኘክ የተጋለጠ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የሚታከምና ወደ ቤቱ ተመልሶ አጥንቱ እስኪበስል ወራት የሚጠብቅ ሰው፣ በተለይ የሴራሚኩን ከመረጠ፣ በዚያ ወገን ቆሎ ከመቆርጠም መከልከል ይኖርበታል።