በጅማ አገር የቡና ዘር አጠባበቅና የቡና ድርጅቶች ድርሻ

የአረቢካ ቡና የትውልድ ስፍራ የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን መሆኑ በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ እስያና ወደ አሜሪካ የተሻገረው ዘር እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ በውጭ አገር የተስፋፋው ቡና በባሕርዩ ተቀራራቢ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ ብዝኃ ሕይወት የሚባለው የዐይነት ብዛት በይበልጥ የሚገኘው በጅማ፣ በከፋና በኢሉባቦር ነው። ይህ ሀብት እንዴት እንደ ቆየና በቡና የሚጠቀሙት ድርጅቶች በመጠበቁም ሆነ በመመናመኑ ምን ድርሻ እንዳላቸው መመርመር ተገቢ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በግቤ ምድር ከተነሡት ከአምስቱ የኦሮሞ መንግሥታት፣ ይኸውም ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማ፣ ከጌራና ከጅማ መካከል፣ በኋላ ኀይሉ የገነነው የጅማ መንግሥት ነበረ። ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለዐፄ ምኒልክ በመገበር አገራቸውን ከጦርነት ጥፋት ስላዳኑ፣ የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚሰበሰብበት ስፍራ ሆነ። ቡናም ከዚሁ ንግድ ጋር እየተስፋፋ ሄደ።

የገበሬው የአሠራር ልማድ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ገበሬው ለቡና ሲል ደኑን ከሥሩ አይነቅልም። ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፣ ሳሳውን፣ ብርብራውንና ዋንዛውን ለጥላ ይተዋል፣ በደኑ ውስጥ በራሱ የበቀለውን የቡና ችግኝ እያነሣ በባዶው ቦታ ይተክላል። ከዛፎቹ የሚረግፈው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል፤ በተለይም ሳሳና ብርብራ አፈሩን የሚያለሙ ዛፎች ናቸው። ስለዚህ ደኑ የቆመው ለገበሬው ይጠቅም ስለ ነበረ ነው። ችግኙም ከዚያው ከአካባቢው ደን ስለሚወሰድ፣ በአንድ ማሳ ውስጥ ብዙ ዐይነት ቡና ተቀላቅሎ ይኖር ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቡና ዋጋ ሲጨምር የጅማ ቡና ለዓለም ገበያ ያለው ጥቅም ከፍ አለ። በ1952 ከአሜሪካ በተገኘ እርዳታ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1964 እና በ1965 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የላካቸው ሊቃውንት በደቡብ ምዕራብ ደኖች እየተዘዋወሩ የቡና ዘር ሰበሰቡ፤ ከዘሩም ከፊሉ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላከ። በ1967 በጅማ አጠገብ በመልኮ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የታወቀው በ1971 ነው። በኬንያ ከ1922 ጀምሮ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ታየ። በሽታው ገና እሸት የሆነውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ በመሆኑ፣ ኑሮው በቡና ላይ የተመሠረተውን ሕዝብ እጅግ አሠጋው። መድኀኒት መርጨት ለድኻ ገበሬ የሚቻል ነገር አልነበረም። መፍትሔው የተገኘው ከገበሬው ማሳና ከደኑ ነው። በሽታው በበረታበት ስፍራ፣ ጎረቤቱ ያለው ዛፍ ሁሉ ሲጠቃ ፍሬው ጤነኛ ሆኖ የተገኘ ዛፍ እየተመረጠ ዘሩ ተወሰደና በመልኮ ተፈተነ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለገበሬው የተሠራጩት ዐይነቶች ከዚህ የተገኙ ናቸው። 74110 እና 74112 የተባሉት በስማቸው መጀመሪያ ያለው 74 ዘሩ የተመረጠበትን 1974ን ያመለክታል፤ መነሻቸውም የመቱ አካባቢ ነው። እነዚህን ዛፎች አስቀድሞ ለዚህ ጉዳይ ያዘጋጀ ኩባንያም ሆነ መንግሥት አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ዘርን መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ሆነ። በ1976 በአዲስ አበባ የዕፀዋት ዘር ሀብት ማእከል ተመሠረተ። የቡና ዘር እንደ ስንዴና እንደ ጤፍ ደርቆና ቀዝቅዞ ለብዙ ዘመን መቀመጥ ስለማይችል፣ በሕይወት ያለ ዛፍ ሆኖ መጠበቅ አለበት። በአጋሮ አጠገብ በጎማ ወረዳ ጮጬ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ የቡና ናሙናዎች የተተከሉት ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በሽታን የሚቋቋሙት የተመረጡ ዐይነቶች በየማሳው በተስፋፉ ቁጥር የአገሬው ልዩ ልዩ ቡና ቦታውን እየለቀቀ ሄደ። የቡናው መዳን ራሱ ያዳነውን የዐይነት ብዛት ማጥበቡ ከዚህ ታሪክ የሚገኝ ከባድ ትምህርት ነው።

የድርጅቶቹ ድርሻ የሚመዘነው በዚህ ነው። በ1975 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ በሊሙ ሰፋፊ የመንግሥት ቡና እርሻዎች ተደራጁ፤ እነርሱም በ2010ዎቹ ሆራይዘን ፕላንቴሽንስ ወደተባለው የግል ድርጅት ተዛወሩ። እንዲህ ያለ እርሻ የጥላ ዛፍ ቢያቆምም፣ በረድፍ የሚተክለው ቡና ጥቂት ዐይነት ነው። በሌላ በኩል በ1999 የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን የገበሬውን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ መሸጥ ጀመረ። በጎማ በ2010 የተቋቋመው የዱሮሚና ማኅበርም ቡናውን አጥቦ በማዘጋጀት በ2012 ከአፍሪካ ቡናዎች መካከል አንደኛ ተብሎ ተሸለመ።

ገበያው ለደኑ ስለሚከፍለው ዋጋ የተሻለ ማስረጃ የሚገኘው በበለጠ ጌራ ደን ነው። በዚያ ከ2003 ጀምሮ በጃፓን መንግሥት እርዳታ «ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና»፣ ማለት የደን አስተዳደር ማኅበር፣ ተቋቋመና ነዋሪዎቹ ደኑን ለመጠበቅ፣ በምላሹም ቡናውን ለመልቀም ከመንግሥት ጋር ተዋዋሉ። በ2007 ሬይንፎረስት አላያንስ ለቡናቸው የምስክር ወረቀት ስለ ሰጣቸው በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ በቁ። ታካሃሺና ቶዶ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ወረቀቱን ባገኘው የቡና ደን ዛፉ ሳይመነጠር የመቆየቱ ዕድል ካላገኘው በ19 ነጥብ ያህል ከመቶ እንደሚበልጥ አሳዩ። ነገር ግን ገበሬው ምርቱን ለማብዛት ቁጥቋጦውን አብዝቶ ከመነጠረ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ከሥራቸው የሚተካቸው ችግኝ ይጠፋል። ከሩቅ ለሚያየው ግን ደኑ እንዳለ ነው።

የዘሩ ጥቅም ወደ ማን እንደሚሄድም ታሪኩ ያሳያል። በ2004 የብራዚል ሊቃውንት በተፈጥሮው ካፌን የሌለው ሊባል የሚችል ቡና ማግኘታቸውን ገለጡ፤ ዛፎቹ በ1964 እና በ1965 ከኢትዮጵያ ከተወሰደው ዘር የበቀሉ ነበሩ። ኢትዮጵያም በ2006 የዘር ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ አወጣች፤ አዋጁ ዘሩን የሚወስድ ሁሉ ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን እንዲያካፍል ያዛል።

እንግዲህ በእነዚህ ዓመታት የተገኘው እድገት እውነተኛ ነው፤ የጮጬው ተክል፣ የገበሬዎቹ ማኅበራትና አዋጁ ምስክሮቹ ናቸው። የአውሮጳ ኅብረትም በ2023 ባወጣው ሕግ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ደንግጓል። ሆኖም ይህ ሁሉ የሚመለከተው የቆመውን ዛፍ ነው። የቡና ነጋዴ የሚከፍለው ለፍሬው ብዛትና ጥራት ሲሆን፣ በማሳው ውስጥ ብዙ ዐይነት ቡና ላቆየ ገበሬ ግን ስለ ዐይነቱ ብዛት የሚጨምርለት የለም። በ1970ዎቹ የጠቅላላውን ቡና ሕይወት ያተረፉት ዛፎች ግን የተገኙት ከእንዲህ ያለው ገበሬ ማሳና ከአጎራባቹ ደን ነበረ። ድርጅቶቹ ከትርፋቸው ለዚህ ጥበቃ ድርሻ እስካልመደቡ ድረስ፣ ወጪው በጌራና በጎማ ገበሬ ትከሻ ላይ እንደ ወደቀ ይኖራል።