ትልቅ ሰው ስለተናገረው ብቻ እውነት አይሆንም

ባለፈው ወር የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ስናርም አንዲት ተማሪያችን ላይ ኤክስ አደረግን። መልሷ ከመጽሐፉ የመልስ ገጽ ጋር አልገጠመማ! ልጅቷ ግን ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ እስቲ አብረን እናባዛው» አለችን። አባዛነው። የተሳሳተው መጽሐፉ ነበር፤ እኛም አብረን። ያኔ ትዝ ያለን የ4,294,967,297 ታሪክ ነው።

ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በስተቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈለውን ነው። ፒየር ደ ፌርማ በፈረንሳይ አገር የቱሉዝ ከተማ የሕግ ሰው ነበር፤ ሒሳብ የሚሠራው በትርፍ ጊዜው ነው። እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች እነዚህን ቁጥሮች አነሳ፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537። አሠራሩ ቀላል ነው። 2 ላይ 1 መደመር፤ 2ን በራሱ አባዝቶ 4 ላይ 1 መደመር፤ 4ን በራሱ አባዝቶ 16 ላይ 1 መደመር፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ፌርማ የሚቀጥሉትም ሁሉ እንደዚያው ናቸው ብሎ አመነ፤ ማረጋገጫ ግን እንደሌለው ራሱ ጽፏል። ስድስተኛው ያ ትልቁ ቁጥር ነው።

ወደ 90 ዓመት ገደማ አለፈ። በ1729 ጎልድባክ የተባለ የሒሳብ ሰው ነገሩን በደብዳቤ ለኦይለር አነሳለት። ሌኦንሃርድ ኦይለር ከአገሩ ከስዊዘርላንድ ወጥቶ በሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ የሚሠራ ወጣት ነበር። በ1732፣ በ25 ዓመቱ፣ ቁጥሩ በ641 እንደሚካፈል አሳየ።

641ን ከየት አመጣው? ኦይለር ኋላ ላይ እንዳረጋገጠው፣ ይህን ቁጥር ሊያካፍል የሚችል ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይቀረዋል። ስለዚህ ሁሉንም መሞከር አያስፈልግም። 193፣ 257፣ 449፣ 577 ይሞከራሉ፤ እምቢ ይላሉ። አምስተኛው 641 ነው።

እስቲ እርሳስ አንሡና አብራችሁን ሥሩ፦

6,700,417 × 600 = 4,020,250,200
6,700,417 × 40 = 268,016,680
6,700,417 × 1 = 6,700,417

ሦስቱን ደምሩ። 4,294,967,297 ይመጣል።

ፌርማ በ1665 ስለሞተ ይህን አላየም። እስከ ዛሬም ከአምስቱ ሌላ በዚህ መንገድ የተሠራ ብቸኛ ቁጥር አልተገኘም። ስሙ ግን አልጠፋም፤ ቁጥሮቹ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። መሳሳት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሲያሳዩን አለማየት ነው።

ተማሪዎቻችን፣ ብዙዎቻችሁ ሰርተፊኬታችሁ መንገድ ላይ ቀርቷል። ማባዛት ግን «የማን ልጅ ነህ? ወረቀትሽ የታለ?» ብሎ አይጠይቅም። በትክክል የሠራ ሁሉ እዚያው መልስ ላይ ይደርሳል። መጽሐፉንም፣ እኛንም ፈትሹ።

የልጅቷን ማርክ ክፍሉ ፊት አስተካክለናል።