የወንዝ ዓሣ የማስገር ሕግና ፈቃድ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ

በደባርቅና በዳባት ወረዳዎች፣ እንዲሁም ከሰሜን ተራሮች ወደ ተከዜ ቆላ በሚወርዱ ወንዞች ዓሣ ማስገርን የሚገዙት ሕጎች ሦስት ምንጭ አላቸው። አንደኛው በመላ አገሪቱ የሚሠራው የፌዴራል የዓሣ ሀብት አዋጅ ነው። ሁለተኛው የአማራ ክልል ያወጣው አዋጅና የማስፈጸሚያ ደንቡ ሲሆን ሦስተኛው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚጠብቀው የዱር እንስሳት ሕግ ነው። ሦስቱም የሚያርፉት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ዓሣው የሕዝብ ሀብት ነው፣ የሚያሰግረውም ሰው ዘሩን ሳያጠፋ ሊጠቀም ይገባል። ከደጋው ወንዞች ቅዝቃዜ የተነሣ አንዳንዶች የሚመኙት ትራውት የተባለው የባዕድ አገር ዓሣም በእነዚሁ ሕጎች ይዳኛል።

ምድሩና ወንዞቹ

ደባርቅ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ዳባት በዚያው መንገድ ላይ ከደባርቅ ቀድማ ትገኛለች። መንገዱ ደባርቅን አልፎ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ይወርድና ወደ ዘሪማና አዲ አርቃይ ቆላ ይገባል። በስተምሥራቅ የአገሪቱ ከፍተኛው ተራራ ራስ ዳሽን ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል።

ጅንባር፣ መሻሃና ዘሪማ ከዚህ ከፍታ ከሚነሡ ወንዞች መካከል ናቸው። ውሃቸው ወደ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜም ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ናይል ይፈስሳል። የጅንባር ወንዝ ግጭ በተባለው ሥፍራ አካባቢ 500 ሜትር ገደማ ከሚሆን ገደል ላይ ይወረወራል። እንዲህ ያለውን ፏፏቴ ከታች የሚመጣ ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ የአካባቢው የዓሣ ሀብት በአብዛኛው ያለው በደጋው ምንጭ ሳይሆን ከገደሉ በታች በወይና ደጋውና በቆላው ክፍል ነው።

የወንዞቹ ጠባይ ከወቅት ወቅት ይለያያል። ከሰኔ እስከ መስከረም በጎርፍ ይሞላሉ፤ በበጋ ደግሞ ብዙዎቹ ይመነምኑና ዓሣው በየጥልቁ ኩሬ ይታጎራል። አደጋው በሁለቱም ወቅት አለ። በክረምት ዓሣው ለመራባት ወደ ላይኛው ወንዝ ሲጓዝ መንገዱን በመረብ መዝጋት የመጪውን ዓመት ትውልድ ያስቀራል። በበጋ ኩሬ ውስጥ የተከማቸውን ዓሣ ደግሞ ጥቂት ሰዎች በአንድ ቀን ሊጨርሱት ይችላሉ።

የአካባቢው ዓሦች

በተከዜ ተፋሰስ ዋናው የወንዝ ዓሣ አስጋሪዎች ነጭ ዓሣ የሚሉት የላቤዮባርበስ ወገን ነው። ጠጠር ባለበት፣ ንጹሕና ፈጣን ውሃ ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። ጋራ የተባለው የትንንሽ ዓሦች ወገን ከአለት ላይ አልጌ እየጋጠ ይኖራል። አምባዛና ቆሮሶ ሞቅ ያለውንና ረጋ ያለውን ውሃ ይመርጣሉ፤ በተከዜ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅም ይገኛሉ። 188 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ሲጀምር በዋግ ኽምራና በትግራይ በኩል ያሉ ነዋሪዎች ቀድሞ ያልነበራቸውን የሐይቅ ዓሣ ማስገር ጀመሩ።

የሕጉ መሠረት

የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። በመሆኑም ማሳው ከወንዝ ዳር ያለ ገበሬ በወንዙ ዓሣ ላይ የግል ባለቤትነት የለውም። አንቀጽ 51 የተፈጥሮ ሀብትን አጠቃቀምና አጠባበቅ የሚመለከት ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል፤ ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ወይም ድንበር ተሻጋሪ የሆኑ ወንዞችንም በእርሱ ሥር ያደርጋል። አንቀጽ 52 በበኩሉ ክልሎች በፌዴራል ሕግ መሠረት የተፈጥሮ ሀብትን እንዲያስተዳድሩ ያዝዛል። ተከዜ ክልል የሚያዋስንና ድንበር የሚሻገር ወንዝ በመሆኑ ጉዳዩ የሁለቱንም የመንግሥት እርከኖች ይመለከታል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በዚህ ሥልጣን የወጣ ነው። ዓላማው የዓሣን ብዝኃ ሕይወትና መኖሪያውን መጠበቅ፣ ከመጠን ያለፈ ማስገርን መከላከል፣ ጤናማ የዓሣ ምግብ አቅርቦትን ማሳደግና የዓሣ እርባታን ማስፋፋት ነው። የአማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ2003 የዓሣ ሀብት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 92ን አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ማስፈጸሚያውን ደንብ ቁጥር 50 አስከተለ። በየወረዳው አፈጻጸሙ በግብርናና በእንስሳትና ዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቶች በኩል ያልፋል።

ፈቃድና ክልከላ

ለገበያ ዓሣ የሚያሰግር ሰው ወይም ማኅበር ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፈቃዱ ግብር ለመሰብሰብ ብቻ የታሰበ ወረቀት አይደለም። በአንድ ውሃ ላይ ስንት አስጋሪ፣ በምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚሠራ የሚታወቀው በእርሱ ነው፤ ይህ ካልታወቀ ውሃው ምን ያህል እንደሚችል ማስላት አይቻልም። ዓሣ ማርባትም እንዲሁ በፈቃድ የሚከናወን ሥራ ነው።

ፈንጂና መርዝ ተጠቅሞ ዓሣ መያዝ የተከለከለ ነው። በደጋው ኢትዮጵያ ይህ ክልከላ የሚነካው ጥንታዊ ልማድ አለ፦ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን። ብርብራ ዓሣውን አደንዝዞ ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል፤ ግን ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ጫጩቱንም፣ ዓሣው የሚመገባቸውን ነፍሳትም አብሮ ይገድላል። በበጋ በተቆራረጠ ወንዝ ላይ ሲደረግ ጉዳቱ ይብሳል፤ ከላይም ከታችም መጥቶ ቦታውን የሚተካ ዓሣ የለምና።

የመረብ ዓይን ስፋት፣ የማስገሪያ ወቅትና ለመራቢያ የተከለለ ቦታ የሕጉ ሌሎች መሣሪያዎች ናቸው። የመረብ ዓይን ሰፋ ሲል ገና ያልተራባው ዓሣ ሾልኮ ያልፋል። ወቅት ሲዘጋ እንቁላል የያዘችው እናት ዓሣ ወደ ጠጠሩ ትደርሳለች። እነዚህን የሚቆጣጠሩ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪዎች መሣሪያንና የተያዘን ዓሣ የመመርመር ሥልጣን አላቸው።

ሕያው ዓሣን ወይም እንቁላሉን ከውጭ አገር ማስገባትና ወደ ሌላ ውሃ መልቀቅ ያለ ሥልጣን ባለው አካል ፈቃድ የሚደረግ አይደለም። ለሰሜን ተራሮች ወንዞች ከሁሉ የሚበልጠው ድንጋጌ ይኸው ነው።

ትራውት

ትራውት ቀዝቃዛና ኦክስጅን የበዛበት ውሃ የሚወድ ሥጋ በል ዓሣ ነው። በብዛት የሚታወቁት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፦ ቡናማው ትራውት የአውሮፓ፣ የምዕራብ እስያና የሰሜን አፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ቀስተ ደመናው ትራውት ደግሞ የምዕራብ ሰሜን አሜሪካና የካምቻትካ ነው። እንግሊዞች በመንጠቆና በዘንግ ማስገርን ስለሚወዱ ቡናማውን ትራውት እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኬንያ አበርዴር ተራሮች ወስደው በጉራ ወንዝ ለቀቁት። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ አካባቢ ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቀቀ። ዛሬ በአገራችን ትራውት ሲነሣ የሚጠራው ባሌ ነው፤ በዲንሾ አካባቢ የሚፈሱት ወይብና ዳንካ የታወቁ የትራውት ወንዞች ናቸው።

በቡናማው ትራውት የትውልድ አገር ያለው ሕግ ለንጽጽር ይጠቅማል። በእንግሊዝ ዕድሜው 13 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ አስጋሪ የዘንግ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ከዚያ በተጨማሪ የውሃውን ባለመብት ፈቃድ ይጠይቃል። በስኮትላንድ የዘንግ ፈቃድ የለም፤ ነገር ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ከኦክቶበር 7 እስከ ማርች 14 ቡናማ ትራውት ማስገር ክልክል ነው፤ ያ ወቅት የመራቢያው ነው። በእነዚህ አገሮች የማስገር መብት ከመሬት ባለቤትነት ጋር ይያያዛል። በኢትዮጵያ ግን ባለቤቱ ሕዝብ ስለሆነ ፈቃድ ሰጪው መንግሥት ነው።

የጅንባርና የመሻሃ ውሃ ቅዝቃዜ ትራውትን ሊያኖር የሚችል ይመስላል። ይህ ብቻውን ዓሣውን ለመልቀቅ ምክንያት አይሆንም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በዓለም ላይ እጅግ ጎጂ ናቸው ካላቸው 100 ወራሪ ዝርያዎች ውስጥ ቡናማውንም ቀስተ ደመናውንም ትራውት መዝግቧል። ሥጋ በል ዓሣ ቀድሞ እንዲህ ያለ አዳኝ ባልነበረበት ምንጭ ሲገባ እንቁራሪቱን፣ የውሃ ነፍሳቱንና ትንንሾቹን ዓሦች ይመገባል፤ ከዚያም ከወንዙ ጋር እየወረደ ይስፋፋል። አንዴ ከተራባ መልሶ ማውጣት እጅግ አዳጋች ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያጸደቀችው የብዝኃ ሕይወት ስምምነትም ሥነ ምኅዳርን የሚጎዱ ባዕድ ዝርያዎች እንዳይገቡ አባል አገሮች እንዲከላከሉ ያዝዛል።

የብሔራዊ ፓርኩ ሕግ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በትእዛዝ ቁጥር 59 እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ አስገባው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከመዝገቡ አወጣው። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ይህ ፓርክ በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና በደንብ ቁጥር 163/2000 የሚጠበቅ ነው። በፓርኩ ክልል ውስጥ ያለ ወንዝ የፓርኩ አካል ነው። ስለዚህ ከወረዳ የተሰጠ የማስገር ፈቃድ የፓርኩን ወሰን ለመሻገር አያበቃም። ጎብኚ ጉዞውን የሚጀምረው ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ ክፍያ ፈጽሞና ጠባቂ ይዞ ነው፤ ዘንግና መንጠቆ የያዘም ሰው ጥያቄውን የሚያቀርበው እዚያው ነው።

የጣና ተሞክሮ

ማስገር በሕግ ካልተገታ ምን እንደሚሆን በዚያው ክልል ጣና አሳይቷል። የሐይቁ ልዩ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች በክረምቱ መገባደጃ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች እየወጡ ይራባሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲገባ አስጋሪው ዓሣውን በወንዝ አፍ ላይ ተሰብስቦ ያገኘው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል ለገበያ በሚውለው የመረብ ማስገር የእነዚህ ዓሦች መጠን በክብደት 75 በመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። የአማራ ክልል አዋጅ የወጣው ይህ ጉዳት በግልጽ በታየበት ጊዜ ነው።

ጣና ሰፊ ሐይቅ ሆኖ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ ከተጎዳ፣ በበጋ ወደ ኩሬ የሚለወጠው የሰሜን ግርጌ ወንዝ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ነው የሚበቃው። የገበያውም ጠባይ መታሰብ አለበት። በጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ብዙ ስለሆነ በዐቢይ ጾም የዓሣ ፍላጎት ይጨምራል፤ ጊዜው ወንዞቹ እጅግ የሚመነምኑበት ነው። የነሐሴው ፍልሰታ ደግሞ ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወቅት ይውላል። የፈቃድና የቁጥጥር ሥራ በእነዚህ ሁለት ወቅቶች ሊጠብቅ ይገባዋል።

አፈጻጸም

የሕጉ ትልቁ ፈተና ርቀትና የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከደባርቅ ወደ ቆላው ወንዝ ለመድረስ የሊማሊሞን ገደል መውረድ ያስፈልጋል፤ ተቆጣጣሪ በየኩሬው ሊቆም አይችልም። ስለዚህ ጥበቃው የሚጸናው በወንዙ ዳር የሚኖረው ሕዝብ የራሱ ሲያደርገው ነው። በማኅበር የተደራጁ፣ የማስገሪያ ቦታቸው ተለይቶ የታወቀላቸውና ብርብራ የሚበትነውን ራሳቸው የሚያስቆሙ አስጋሪዎች ከማንም የተሻሉ ጠባቂዎች ናቸው።

በአካባቢው ማስገር የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ቦታው በፓርኩ ወሰን ውስጥ መሆን አለመሆኑን ያጣራ፤ ከወሰኑ ውጭ ከሆነ ወደ ወረዳው መሥሪያ ቤት ሄዶ ፈቃድና የወቅቱን ክልከላ ይጠይቅ። ሕያው ዓሣ ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላው አያጓጉዝ። ትራውትን በዘንግ ማስገር የሚወድ ሰው ወደ ባሌ ይሂድ፤ የሰሜን ወንዞች ለራሳቸው ዓሦች ይቆዩ።