በደለኛውን መፈለግ፤ ከፓሪስ እስከ አሶሳ



ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ወደ አሶሳ ሄጄ ሳለሁ፣ በዚያው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከሆነ አንድ ወዳጄ ጋር ማታ ሻይ እየጠጣን ስንጨዋወት፣ ነገራችን ወደ ወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ዞረ። እኔ በኤውሮጳ ተጽፈው ወደ ሲኒማ ስለ ተዛወሩት መጻሕፍት እያደነቅሁ ባወራለት ጊዜ፣ እርሱ በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ፣ «እንዲህ ያለው ፊልም በእኛ ወረዳ ቢሠራ በሩብ ሰዓት ያልቃል። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ከብት ጠባቂው ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ጭንቁ ከዚያ በኋላ ያለው ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በዚያች ከተማ የሰማሁት ይህ ቃል ከአእምሮዬ ስላልጠፋ፣ ዛሬ ስለ አንድ ዝነኛ መርማሪ ታሪክና ስለ ፊልሞቹ፣ ቀጥሎም ወዳጄ ስላለው ስለዚያ «ከዚያ በኋላ» ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። የውጭውን አገር ዘመን እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር፣ የእኛን እንደ አገራችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ይህንንም መርማሪ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የእንግሊዙ ሼርሎክ ሆልምስ ደመወዝ የማይቆጥር፣ አለቃ የሌለው፣ ፖሊሶችን የሚንቅ ሰው ነው። የፈረንሳዩ ኮሚሴር ሜግሬ ግን እንደ እናንተና እንደ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በፓሪስ በሴን ወንዝ ዳር ባለው የፖሊስ መሥሪያ ቤት ቢሮ አለው፤ በቢሮው ውስጥ ምድጃ አለ፤ ከበላዩ አለቃ አለ፤ ኮሜልዮ የሚባል መርማሪ ዳኛም ዘወትር ቶሎ ጨርስ እያለ ይነተርከዋል። ወፍራም ካፖርት ይለብሳል፤ ፒፓ ያጨሳል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ቤት መድረስ ያልቻለ እንደ ሆነ ለባለቤቱ ይደውላል። የጡረታውንም ጊዜ ያስባል። እንዲህ ያለውን ሰው በልብ ወለድ ውስጥ ጀግና ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም።

ደራሲው ዦርዥ ሲምኖን በቤልጅግ አገር በልዬዥ ከተማ በ1903 ተወለደ። ገና 16 ዓመት ሳይሞላው ለከተማው ጋዜጣ ወሬ አቅራቢ ሆኖ ስለ ተቀጠረ፣ ፖሊስ ጣቢያንና ፍርድ ቤትን ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን በእግሩ እየተመላለሰ ነው። ወደ ፓሪስ ከሄደ በኋላ በልዩ ልዩ የብዕር ስሞች ብዙ ርካሽ ልብ ወለዶች ጻፈ። በስሙ የታተሙት የሜግሬ መጻሕፍት በ1931 ሲጀምሩ፣ የካቲት ወር ላይ በሞንፓርናስ በአንድ የዳንስ ቤት የምረቃ ግብዣ ተደረገ። ተጋባዦቹ በር ላይ እንደ ወንጀለኛ የጣት አሻራ ይሰጡ ነበር ይባላል። የእኛ የመጽሐፍ ምረቃ በንግግር ብዛት ሰውን ሲያስተኛ ባየሁ ቁጥር ይህን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲያ እስከ 1972 ድረስ ሲምኖን ስለዚህ ሰው 75 ልብ ወለድና 28 አጫጭር ታሪክ ጽፏል።

የሜግሬ አሠራር ምንድን ነው? አጉሊ መነጽር አይዝም፤ ከሲጃራ አመድ ላይ ተነሥቶ የሰውን ትውልድ አይቆጥርም። ሰው በተገደለበት ሰፈር ሄዶ ይቀመጣል። በመሸታ ቤቱ ይጠጣል፤ የበር ጠባቂዋን ወሬ ይሰማል፤ የሟቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስኮቱ ያያል። ቀን ያልፋል፤ ሌላም ቀን ያልፋል። በመጨረሻ በዳዩን ሲያገኘው ከማውገዝ ይልቅ የሚያዝንለት ጊዜ ይበዛል፤ አንዳንድ ጊዜም አውቆ እንዳላወቀ ሆኖ ይተወዋል። እንግዲህ የመጽሐፉ ፍሬ መጠበቁ ነው።

ሲኒማ ግን መጠበቅን አይወድም፤ የሲምኖንም ጭቅጭቅ የጀመረው ከዚህ ነው። መጻሕፍቱ በወጡ በዓመቱ፣ በ1932፣ ሁለት ፊልሞች ተሠሩ። አንደኛውን ዣን ርኗር ወንድሙን ፒዬር ርኗርን ሜግሬ አድርጎ፣ በጭጋግና በዝናብ፣ በአንድ የገጠር መስቀለኛ መንገድ ላይ አነሣው። ፊልሙ ታሪኩን ለመከተል እጅግ የሚያስቸግር ነው፤ ነገር ግን ጭቃውና ጨለማው ከመጽሐፉ ሽታ አለው። ሁለተኛው «ቢጫው ውሻ» የተባለው ነው፤ ደራሲውን ደስ አላሰኘውም። ሲምኖን ሦስተኛውን እኔው ራሴ አዘጋጃለሁ ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ አልሆነለትም። ሥራው ለዡልየን ዱቪቪዬ ተሰጥቶ በ1933 ወጣ፤ ሜግሬ የሆነውም ታላቁ ተዋናይ ሃሪ ቦር ነበር። ከዚህ ወዲያ ደራሲው ለጥቂት ዓመታት ለሲኒማ ሰዎች ጀርባውን ሰጠ።

በ1932 ደግሞ ሲምኖን ወደ አፍሪቃ ተጉዞ ነበር። በግብፅና በጎረቤታችን በሱዳን በኩል አልፎ ወደ ቤልጅግ ኮንጎ ወረደ፤ ሲመለስም የቅኝ ገዢዎችን አስተዳደር የሚነቅፉ ጽሑፎች አወጣ። የአሶሳ ሰው ወንዙን ተከትሎ የሚነግድበትን አገር እርሱም አይቶታል ማለት ነው።

በጦርነቱ ጊዜ፣ ፓሪስ በጀርመኖች እጅ ሳለች፣ አልቤር ፕሬዣን የተባለ ቀጠን ያለ ተዋናይ በጀርመኖች ገንዘብ በቆመ ኩባንያ ሦስት ጊዜ ሜግሬ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 እንግሊዛዊው ቻርልስ ሎተን፣ ከ1958 እስከ 1963 ደግሞ ዣን ጋባ ሦስት ጊዜ ተጫወቱት። የጋባ ፊልሞች እስካሁን ይወደዳሉ፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ቢሆንም ሰዎች የሚያዩት ጋባን ነው እንጂ ሜግሬን አይደለም። ይህ መርማሪ በእውነት ቤቱን ያገኘው በቴሌቪዥን ነው። የእንግሊዝ ቢቢሲ ከ1960 እስከ 1963 ሩፐርት ዴቪስን አሰልፎ በተከታታይ ሲያሳይ፣ አስቸጋሪው ሲምኖን ራሱ ተደሰተ። በፈረንሳይ ዣን ሪሻር ከ1967 እስከ 1990፣ ብሩኖ ክሬመር ከ1991 እስከ 2005 ተከታትለው ያዙት። በ2022 ዤራር ደፓርድዩ ለፓትሪስ ሎኮንት ፊልም ተጫወተው። ለዚህ ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ሲኒማ ቤት አንድ ማታ ገብተን የምንወጣበት ስፍራ ስለ ሆነ ሩጫና ጥይት ይሻል። በየሳምንቱ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ግን ዝም ብሎ ፒፓውን ቢያጨስም እንታገሠዋለን። እኔ በድምፅ የምተዳደር ሰው ስለ ሆንሁ ለራዲዮ ላደላ እችላለሁ፤ ይሁን እንጂ ዝምታን ለመሸከም ትዕግሥት ያለው አድማጭ እንጂ ትልቅ መጋረጃ አያስፈልግም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በዳይን የመፈለግ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ሌባሻይ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው፤ ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁትና፣ ልጁ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ጌታ ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ይህ ልማድ ስንቱን ንጹሕ እንደ ጎዳ መናገር አያስፈልግም፤ በሕግም ተከልክሏል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ሌባሻይ የመጥፎ ፊልም መርማሪ ነው። ይሮጣል፤ ይጠቁማል፤ ነገሩ ያልቃል፤ ማንም ምክንያት አይጠይቀውም። በሌላ ወገን አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ነበረን። የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ የቀረውም መቀጫ እየከፈለ፣ በዳዩ እስኪወጣ ድረስ ይዋልበታል። ምሥጢር የሚያወጣው ሰው ስሙ አይጠራም፤ «ወፍ» ይባላል። ይህ ደግሞ የሜግሬ ዘመድ ነው፤ ፈላጊው አንድ ሰው ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ነው እንጂ መጠበቁና ማዳመጡ አንድ ነው። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1968 ለንደን ላይ ያሳተመው ልብ ወለድ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥርዓት ሲሆን፣ ነገሩም በጉራጌ አገር ቤቱ ስለ ተቃጠለበት ሰው ነው። በእኔ ግምት ከአገራችን ጸሐፊዎች ወደ መርማሪ ልብ ወለድ ባሕርይ በጣም የቀረበው እርሱ ነው።

ስለ ፊልምም እናንሣ። በ1957 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» የሚል ነበር። የሲኒማችን የመጀመሪያ ቃል ጥያቄ መሆኑ ደስ ይለኛል። ከዚያ ቀጥሎ በ1960ዎቹ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» የተባለውን ሠራ፤ ዛሬ የአገራችን የፊልም ሽልማት የሚጠራበት ስም ከዚያ የመጣ ነው። ጉማ በኦሮሞ ባህል የደም ካሳ ነው፤ ፊልሙም የያዘው ይህንኑ የደም ነገር ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ የእኛ ሲኒማ ገና በልጅነቱ ስለ ነፍስ ግድያ ሲያስብ፣ «ማን ገደለ» ከማለት ይልቅ «የፈሰሰው ደም እንዴት ይደርቃል» ወደሚለው አዘነበለ።

የአሶሳው ወዳጄ የተናገረው ይህንን ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ቤርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ይኖራሉ፤ አማራውና ኦሮሞውም አብሯቸው አለ። በጉሙዝ ዘንድ ሰው ሲገደል ዕዳው በገዳዩ ራስ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በጎሣው ላይ ይወድቃል። የሟች ወገን የሚፈልገው የግድ ያንን እጁን ያነሣውን ሰው ላይሆን ይችላል፤ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅም ይበቃዋል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ማንጌማ በሚባለው የዕርቅ ሥርዓት ሁለቱን ወገኖች አቀራርበው፣ ካሳ ቆርጠው፣ እንስሳ አሳርደው ደሙን ያቆሙታል። በመተከልም በካማሺም ይህ ዕርቅ ጉሙዙን ከጎረቤቱ ጋር ሲያገናኝ የኖረ ነው። ሜግሬ ይህን አገር ቢያየው ኖሮ የመጨረሻው ምዕራፍ መጀመሪያ ይሆንበት ነበር።

ሆኖም ይህን ስል የባህሉን ዕርቅ ከሕግ በላይ ላቆመው አይደለም፤ በዚህ ነገር ከወዳጄ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረናል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ተጠርጣሪ በፖሊስ ፊት መልስ እንዲሰጥ እንደማይገደድና ይህም መብቱ እንዲነገረው ያዛል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌባሻይ የጠቆመው ልጅ ያስያዘው ሰው አንድ ቃል እንዲናገር እንኳ ዕድል አልነበረውም። የጎሣ ዕዳም ለንጹሑ የአጎት ልጅ ምሕረት የለውም። ሕግ አንዱን ሰው ከወገኑ ለይቶ «የሠራኸው አንተ ነህ» ወይም «አንተ አይደለህም» ይለዋል። ዕርቅ ደግሞ ከፍርዱ በኋላ ጎረቤቶች በአንድ ምንጭ ውኃ እንዲቀዱ ያደርጋል። ወዳጄ፣ «ፋይሉ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ሲገባ፣ መንደሩ ውስጥ ገና አልተዘጋም» አለኝ። ፋይል የሚዘጋ ሠራተኛ ይህን ሲናገር መስማት ያስደነግጣል።

አሶሳ ደግሞ ለደራሲ የሚሆን ሌላ ታሪክ አላት፤ ይህንም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በአዲስ አበባ ሾጎሌ የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው የአሶሳው ገዢ ከነበሩት ከሼክ ኾጀሌ አልሐሰን ነው። ታክሲ ረዳቱ ስሙን ሲጠራ ስንቶቻችን እናስባቸዋለን? ባለቤታቸው ሲት አምና በሱዳን በኩል በእንግሊዝ አስተዳደር ታውቀው ይኖሩ ነበር። በዚያ ዘመን ከቤኒሻንጉል ሰዎች ተይዘው ድንበር እየተሻገሩ በባርነት ይሸጡ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና የባሪያ ንግድን የሚያግድ ሕግ ብታወጣም፣ ሕጉ ከአዲስ አበባ እስከ ድንበር ለመድረስ ጊዜ ወሰደበት። በ1928 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር የሱዳን ባለ ሥልጣኖች በዚሁ ንግድ ምክንያት ሲት አምናን አሰሯቸው። ባርነት በአገራችን በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ነገር ውስጥ ምሥጢር የት አለ? በዳዩ ማን እንደ ሆነ በገበያው፣ በመንገዱ፣ በድንበሩ ላይ የነበረ ሁሉ ያውቅ ነበር። የማይታወቀው የተሸጡት ናቸው፤ ስማቸው፣ የሄዱበት ቤት፣ የተረፉት ልጆቻቸው። እውነተኛ መርማሪ በዚያ አገር ቢመደብ የሚፈልገው ገዳይን ሳይሆን የጠፉትን ሰዎች ነበር። ይህ ደግሞ አንድ ማታ በሲኒማ ቤት አያልቅም፤ እንደ ሜግሬ በየሳምንቱ መመላለስ ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ በነገርሁት ጊዜ ሳቀና፣ ከጠረጴዛው መሳቢያ አንድ ባለ መስመር ደብተር አወጣ። ለካ እርሱም ሲጽፍ ኖሯል። መርማሪው የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ጸሐፊ ነው፤ ፒፓ የለውም፤ ዕድሜው ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በፋኖስ ብርሃን አነበበልኝ። ምዕራፉ የሚጀምረው ገዳዩ በገዛ እግሩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ እጁን ሲሰጥ ነው። ጸሐፊው ቃሉን ከመዘገበ በኋላ፣ ብዕሩን አስቀምጦ፣ «ወንድምህ አሁን የት ነው ያለው?» ብሎ ይጠይቀዋል።