ስለ ሙሳካ ታሪክ

በግሪክ አገር ሙሳካ የሚባል የታወቀ ምግብ አለ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ደበርጃን በስሱ ተቆርጦ በዘይት ይጠበሳል፤ የተፈጨ ሥጋ ከሽንኩርት፥ ከቲማቲምና ከቀረፋ ጋር ይቁላላል፤ ከዚያም ሁለቱ በትሪ ላይ ተራ በተራ ይነባበራሉ። በላዩ ከቅቤ፥ ከዱቄትና ከወተት የተሠራ፥ ፈረንሳዮች ቤሻሜል የሚሉት ነጭ ሶስ ይፈስበትና ገጹ እስኪቀላ ድረስ ይጋገራል። ቀድሞ በቤታቸው መጋገሪያ ያልነበራቸው ሰዎች ትሪውን ወደ ሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ይወስዱት ነበር።

ይህ ምግብ ከጥንታውያን ግሪኮች የተወረሰ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ክፍሎቹን ለየብቻ ብንመረምር ሌላ ታሪክ እናገኛለን። (ዓመታቱ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ደበርጃን የእስያ ተክል ሲሆን ወደ ሜዲትራኒያን አገሮች ያስፋፉት ዐረቦች ናቸው። ሙሐመድ አልባግዳዲ በ1226 ዓ.ም. ባዘጋጀው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ፥ ሥጋና ደበርጃን ከቅመም ጋር እየተነባበሩ የሚበስሉበት መግሙማ የተባለ ምግብ ይገኛል። ቲማቲም ግን የአሜሪካ ተክል ስለ ሆነ፥ ኮሎምቦስ በ1492 ዓ.ም. ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በእነዚህ አገሮች አይታወቅም ነበር።

በኦቶማን መንግሥት ግዛት የኖሩ ሕዝቦች ምግቡን እንደየልማዳቸው ይሠሩታል። ቱርኮች ነጩን ሶስ አያደርጉበትም፤ ቡልጋሮችም በደበርጃን ፋንታ ድንች ይጨምሩበታል።

ነጩን ሶስ በግሪክ አገር ያስለመደው ኒኮላዎስ ጸሌሜንዴስ (1878–1958) የተባለ ወጥ ሠሪ ነው። በ1920ዎቹ የታተመው መጽሐፉ በየቤቱ ከመግባቱ የተነሣ፥ ግሪኮች ማናቸውንም የወጥ ቤት መጽሐፍ በእርሱ ስም እስከ መጥራት ደርሰዋል። ጸሌሜንዴስ የግሪክን ማዕድ ከቱርክና ከምሥራቅ ልማድ ለማጥራት ይመኝ ስለ ነበር፥ ቅመሙን ቀንሶ የፈረንሳዮችን ሶስ አገባበት። አንዱን የባዕድ ልማድ ሊያስወጣ ሲል ሌላውን አስገባ ማለት ነው። ዛሬ ግን የግሪክን ሙሳካ ከጎረቤቶቹ የሚለየው ይኸው የፈረንሳይ ሶስ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ትምህርት አለው። በርበሬ የሌለበት ቀይ ወጥ አይታሰብም፤ ተክሉ ግን እንደ ቲማቲም ከአሜሪካ የመጣ ነው። ይህን ማወቅ የወጡን ኢትዮጵያዊነት አይቀንሰውም። የአገራችንን የምግብ ልማድ የሚጽፍ ሰው ግን «ከጥንት ጀምሮ» ብሎ ከማለፉ በፊት፥ እያንዳንዱ ነገር ከወዴት እንደ መጣና እንዴት እንደ ተለመደ ለይቶ ሊመዘግብ ይገባዋል።